የአከራዮች ጥያቄና መልስ

ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ቤት ገዝተው ለማከራየት ያሰቡና በማከራየት ላይ የሚገኙ ሰዎች የላኳቸውን ለዚህ ዕትም መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። የኪራይ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ መልሶቻችን በየትኛውም ቦታ ሊሠራባቸው በሚችሉ ነገሮች ላይ ያተኩራሉ። በስሌቶቹ ውስጥ የገንዘብ ስም ያልጠቀስነውም እያንዳንዱ አንባቢ በሚገበያይበት ገንዘብ እንዲያሰላው በማሰብ ነው።

ጥያቄ፦ በ1,000,000 የገዛሁትን አፓርታማ በወር 8,000 አከራይቼዋለሁ። በዓመት 96,000 ስለሚያስገባልኝ ትርፌ 9.6 በመቶ ነው ብዬ ነበር፤ የሒሳብ ባለሙያ የሆነችው እህቴ ግን «ይህ ገቢ እንጂ ትርፍ አይደለም» ትለኛለች። ከዋጋው 700,000 የሚሆነውን የከፈልኩት ከባንክ ተበድሬ ነው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ትክክሏ እህትዎ ናት። 96,000ን ለ1,000,000 ማካፈል ሁለት ቤቶችን በችኮላ ለማወዳደር ያገለግል ይሆናል እንጂ በዓመቱ መጨረሻ እጅዎ ላይ የሚቀረውን አያሳይም። በመጀመሪያ ቤቱ የፈጀብዎት ገንዘብ 1,000,000 ብቻ አይደለም። ለስም ማዛወሪያ፣ ለድለላ፣ ለውል ምዝገባና ተከራይ ከመግባቱ በፊት ለተደረገው ዕድሳት የወጣው ሁሉ ይደመራል፤ ይህ 70,000 ሆነ ብንል መነሻው 1,070,000 ነው። ቀጥሎ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ሰው አይኖርበትም። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ ቀለም እስኪቀባና የተበላሸው እስኪጠገን ባለው ጊዜ ኪራይ የለም፤ በዓመት አንድ ወር ባዶ እንደሚቆይ አድርጎ ማሰብ ጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህ 96,000 የነበረው ወደ 88,000 ይወርዳል።

ከዚያ ወጪዎች ይቀነሳሉ። ለጥገና መጠባበቂያ 9,600፣ ለሕንጻው የጋራ አገልግሎት 6,000፣ ለንብረት ግብርና ለመድን 5,000 ብንይዝ ድምሩ 20,600 ይሆናል። የቀረው 67,400 ለ1,070,000 ሲካፈል ትርፍዎ 6.3 በመቶ ገደማ መሆኑን ያያሉ፤ የገቢ ግብር ገና አልተነካም። ብዙ አከራዮች የሚዘሉት የጥገና መጠባበቂያውን ነው፤ ምክንያቱም ጥገና በየወሩ እኩል አይመጣም። ሦስት አራት ዓመት ምንም ሳይጠይቅ የቆየ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ የውኃ ማሞቂያ፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧና የበር ቁልፍ በተከታታይ ሊያስቀይር ይችላል። በሰላሙ ዓመት ያልወጣው ገንዘብ ትርፍ ሳይሆን ለመጪው ጥገና የተቀመጠ ዕዳ ስለሆነ በተለየ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ቢያቆዩት ይሻላል።

ብድሩ ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። 700,000 በ7 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ከተበደሩ ወርኃዊ ክፍያዎ 5,427 ያህል፣ ዓመታዊው ደግሞ 65,125 ገደማ ነው። ከ67,400 ላይ ይህ ሲቀነስ በእጅዎ የሚቀረው 2,275 ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፍሉት ውስጥ 16,650 ያህሉ ዋናውን ዕዳ የሚቀንስ በመሆኑ ሀብትዎ በዚያ ልክ ይጨምራል፤ ነገር ግን ይህ ሀብት ግድግዳው ውስጥ ያለ እንጂ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚመዘዝ ገንዘብ አይደለም። ወለዱ ተለዋዋጭ ሆኖ ወደ 8 በመቶ ቢወጣ ዓመታዊው ክፍያ 70,261 ይደርስና ቤቱ በየዓመቱ 2,861 ከደመወዝዎ መጠየቅ ይጀምራል።

ብዙ አበዳሪዎች ለኪራይ ቤት ሲያበድሩ የተጣራው ገቢ የብድሩን ክፍያ ቢያንስ 1.2 ወይም 1.25 እጥፍ እንዲሆን የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርስዎ 1.03 ነው። ቤቱ መጥፎ ግዢ ነው ማለት አይደለም፤ ያለ ትራስ የቆመ ግዢ ነው። ቢያንስ የስድስት ወር የብድር ክፍያ የሚሸፍን ተቀማጭ እስኪኖርዎት ድረስ ሁለተኛ ቤት ባይገዙ እንመክራለን። የቤት ዋጋ ይጨምራል የሚለው ተስፋ በስሌቱ ውስጥ እንዳይገባም አደራ፤ ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ያ ጭማሪ ክፍያ አይከፍልም።

ጥያቄ፦ ቤቴን ለመከራየት ሁለት ሰዎች ቀርበዋል። አንደኛው የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ እከፍላለሁ ይላል፤ ነገር ግን የት እንደሚሠራ በግልጽ አይናገርም። ሁለተኛዋ በየወሩ የምትከፍል፣ ቋሚ ሥራ ያላት ሴት ናት። ገንዘቡ አጓጉቶኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ በእኛ አመለካከት ሁለተኛዋ ትሻላለች፤ የመጀመሪያውንም ግን ሳይጠይቁ አያሰናብቱት። በቅድሚያ የተከፈለ ዓመት ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ያልቃል፤ ሰውየው ግን በቤቱ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ውሉን ማቋረጥ ቢፈልጉ ወይም ቤቱ ለሌላ ዓላማ እየዋለ መሆኑን ቢደርሱበት አስቀድመው የተቀበሉት ገንዘብ እጅዎን ያስረዋል። በርካታ አገሮች አከራይ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለውን ኪራይ በሕግ የገደቡ ስለሆነም ይህንን ማጣራት አይርሱ።

ለሁለቱም እኩል የሆነ መመዘኛ ያዘጋጁ፤ በወረቀት ላይ ይጻፉትና ከመጀመሪያው አመልካች ጀምሮ ሳይቀይሩ ይጠቀሙበት። መታወቂያ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ኪራዩ ከገቢው ስንት እጅ እንደሚወስድ፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት እና በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ቁጥር በቂ ናቸው። በተለምዶ የተከራዩ ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠየቃል፤ እንደ መነሻ ጥሩ ነው፤ በየዓመቱ ገቢው የሚታወቅ የግል ሥራ ያለውን ሰው ግን በዚህ ቁጥር ብቻ አይጣሉት። የሰውን ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የትዳር ሁኔታ ወይም የአካል ጉዳት መመዘኛ ማድረግ በብዙ አገር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም ኪራይ በወቅቱ ይከፈል አይከፈል እንደሆነ አንዳች አይነግርዎትም።

ምስክርነት ሲጠይቁ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አሁን የሚኖርበት ቤት አከራይ ተከራዩ እንዲወጣለት ፈልጎ ያለ ቅጥ ሊያመሰግነው ይችላል። ከዚያ በፊት የነበረው አከራይ ግን የሚያተርፈውም የሚያጣውም ነገር ስለሌለ እውነቱን የመናገር ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥያቄዎ «ጥሩ ሰው ነው ወይ?» ሳይሆን «ኪራይ በስንተኛው ቀን ይከፍል ነበር? ሲወጣ ቤቱን በምን ሁኔታ አስረከበ? ዛሬ ቢመለስ ያከራዩታል ወይ?» የሚል ይሁን።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት የቆየ ተከራዬ ሊወጣ ነው። ግድግዳው ቆሽሿል፣ የአንዱ ክፍል በር ተሰንጥቋል፣ ምድጃውም በቅባት ተሸፍኗል። ቤቱን ለማስቀባት 10,000 ተጠይቄያለሁ። ከመያዣ ገንዘቡ ላይ ሙሉውን ልቀንስ እችላለሁ? እሱ «ስገባም እንዲሁ ነበር» እያለ ይከራከረኛል።

መልስ፦ ሙሉውን መቀነስ ተገቢ አይመስለንም፤ የክርክሩ ውጤት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ተከራዩ ሲገባ በተፈረመው የርክክብ ሰነድ ነው።

በአገልግሎት ምክንያት የሚመጣ እርጅና እና በአያያዝ ጉድለት የሚመጣ ጉዳት የተለያዩ ናቸው። ሰው ሲኖርበት ቀለም ይደበዝዛል፣ የወለል ንጣፍ በመተላለፊያው ላይ ይነጣል፣ የበር እጀታ ይላላል፤ ይህ የአከራዩ ወጪ ሲሆን ኪራዩ በከፊል የሚከፈለውም ለዚህ ነው። የተሰነጠቀ በር፣ በሲጋራ የተቃጠለ ንጣፍ፣ ያልጸዳ ምድጃ ግን የተከራዩ ኃላፊነት ነው። በእነዚህም ላይ ቢሆን የዕቃው ዕድሜ ይታሰባል። የቤት ውስጥ ቀለም አምስት ዓመት ያገለግላል ብለን ብናስብና ተከራዩ የገባው ቤቱ እንደተቀባ ቢሆን ሦስቱ ዓመት አልፏል፤ ስለዚህ ግድግዳውን ከተለመደው በላይ አበላሽቶት ቢገኝ እንኳ ሊጠየቅ የሚገባው የቀሩትን ሁለት ዓመታት ድርሻ፣ ማለትም ከ10,000 ውስጥ 4,000 ነው። ግድግዳው የቆሸሸው በተለመደ አኗኗር ከሆነ ደግሞ ምንም አይጠየቅም። አሮጌውን በአዲስ ለመተካት የተከራይን ገንዘብ መጠቀም ፍትሐዊ አይደለም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም የሚያዋጣ አይሆንም።

የበሩና የምድጃው ጉዳይ ማስረጃ ይፈልጋል። የርክክብ ሰነድ ከሌለዎት ለዚህኛው ተከራይ በድርድር ከመጨረስ ሌላ አማራጭ አይታየንም። ለሚቀጥለው ግን ሁለታችሁም በተገኛችሁበት ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል ተዘዋውራችሁ የሚታየውን ጻፉ። «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ኋላ ላይ ምንም አያስረዳም፤ «ከመስኮቱ በስተግራ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የጣት ርዝመት ያለው ጭረት» የሚል ግን ያስረዳል። ፎቶግራፍ ሲነሳ ሰው የማያያቸው ቦታዎች እንዳይረሱ፤ የበሮቹ ጀርባ፣ የምድጃው ውስጥ፣ የእጅ ማጠቢያው ሥር ያለው መደርደሪያ፣ የፍራሽ ሁለቱም ገጽ፣ የመጋረጃ ዘንግ የተሰካበት ግድግዳ። የውኃና የመብራት ቆጣሪዎቹ ንባብ፣ የተረከባቸው ቁልፎች ብዛትና ቀኑ ይመዝገቡ፤ ሁለታችሁም በየገጹ ፈርማችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ። ተከራዩ በመጀመሪያው ሳምንት ያልታየ ጉድለት ካገኘ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ዕድል መስጠትም ተገቢ ነው፤ የተበላሸ የቧንቧ ራስ አንድ ቀን ካልተሠራበት አይታወቅም።

የመያዣ ገንዘቡን ለቤት ወጪ አያውሉት። ብዙ አገሮች በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥና ተከራዩ ከወጣ በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ ከተቀናሽ ዝርዝሩ ጋር እንዲመለስ ያስገድዳሉ።

ጥያቄ፦ በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ተከራዬ «ቤቱ ያፈስሳል» ትላለች፤ እኔ ደግሞ መስኮት ስለማትከፍት ነው እላለሁ። ሁለት ጊዜ አስቀባሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ መጣ። ልጇ በሳል ስለሚሰቃይ ጉዳዩ ወደ ጠብ እየሄደ ነው።

መልስ፦ ቀለሙን ያቁሙት፤ ምክንያቱ እስካልተገኘ ድረስ ገንዘብዎን ያባክናል። ጉዳዩም የግድግዳ ማማር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበት ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስታውቋል። የልጁን ሳል እንደ ክርክር መሣሪያ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ይመልከቱት።

እርጥበት የሚመጣባቸው መንገዶች ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ የሚያፈስስ ውኃ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ እድፍ ይተዋል፤ ከዝናብ በኋላ ወይም ላይኛው ፎቅ ውኃ ሲጠቀም ይሰፋል። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት በምድር ቤት ግድግዳ ላይ ከወለሉ ተነሥቶ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ይወጣል፤ ከላዩ ወጣ ገባ መስመርና ነጭ የጨው ዱቄት ይታይበታል። ሦስተኛው በአየር ውስጥ ያለ እንፋሎት ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ሲያርፍ ወደ ውኃ የሚለወጥበት ነው። ይህ በክፍሉ ማዕዘን፣ በመስኮት ዙሪያና ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከቆመ ቁም ሣጥን ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ለማጣራት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በቤቱ ያለውን የውኃ መክፈቻ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ቧንቧ ያፈስሳል ማለት ነው። ከዚያ ርካሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ገዝተው ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡ፤ ንባቡን ጠዋትና ማታ ተከራይዋ ትመዝግበው። ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከዋለና ካደረ ምክንያቱ እንፋሎት የመሆኑ ነገር ይጠነክራል።

ምክንያቱ እንፋሎት ሆኖ ቢገኝ እንኳ «ጥፋቱ የተከራይዋ ነው» ወደሚል ድምዳሜ አይቸኩሉ። ሰው ይተነፍሳል፣ ምግብ ያበስላል፣ ይታጠባል፣ ልብስ ያሰጣል፤ የአንድ ቤተሰብ የቀን እንፋሎት ብዙ ሊትር ውኃ ነው። ይህ የሚወጣበት መንገድ የማዘጋጀት ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። መታጠቢያ ቤቱና ማዕድ ቤቱ የሚሠራ የአየር ማስወጫ ፋን አላቸው? መስኮቱ በትክክል ይከፈታል? ልብስ የሚሰጣበት ውጫዊ ቦታ አለ? የውጭው ግድግዳ ቅዝቃዜ እንዳያስገባ ተሠርቷል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መስኮት ክፈቺ ብሎ መቆጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ከተከራይዋ የሚጠበቀው ስታበስል ድስቱን መክደን፣ ከታጠበች በኋላ ፋኑን ማስነሣት፣ ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው አንድ ጋት ማራቅ ነው። ሻጋታው የያዘው ቦታ ሰፊ ከሆነ ባለሙያ ያጽዳው፤ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ካዩ በኋላ ያስቀቡ።

ጥያቄ፦ ትርፍ ቁልፍ አለኝ። ተከራዬ ሥራ ሲሄድ ገብቼ ቤቱን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም መኖሪያው የእሱ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው በጽሑፍ አሳውቀው፣ እሱ ባለበት ወይም ፈቅዶ ይግቡ። ጎርፍ፣ የጋዝ ሽታ ወይም እሳት ከሆነ ግን ፈቃድ ሳይጠብቁ መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የማከራየው ቤት የጋዝ ውኃ ማሞቂያ አለው፤ የመብራት መስመሩም አሮጌ ነው። እስካሁን ችግር ስላልገጠመኝ ጥገናውን ለሚቀጥለው ዓመት ላዘገየው?

መልስ፦ ቀለምና ንጣፍ ይዘግዩ፤ እነዚህ አይዘገዩም። ጋዝ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው በእንቅልፉ ውስጥ እያለ ይገድላል። ማሞቂያውን በየዓመቱ ባለሙያ ይመርምረው፤ የጭስ መውጫው አለመደፈኑን ያረጋግጥ፤ መኝታ ክፍል አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያስገጥሙ። በመብራቱ በኩል የመሬት ሽቦ መኖሩንና ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ መስመሩን የሚቆርጠው ሳልቫቪታ መሥራቱን ያስፈትሹ፤ ለመኖሪያ ቤት የተለመደው 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠው ነው፤ መሞከሪያ ቁልፉም በላዩ ላይ አለ። የምርመራውን ወረቀት ያስቀምጡ፤ አደጋ ቢደርስ መድን ሰጪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት የቆየች፣ አንድ ቀን አሳልፋ የማታውቅ ተከራይ አለችኝ። በወር 8,000 ትከፍላለች፤ ጎረቤቶቼ ግን 8,800 እያከራዩ ነው። ልጨምርባት?

መልስ፦ የሚጨምሩት 800 በዓመት 9,600 ነው። በጭማሪው ምክንያት ቤቱን ብትለቅስ ምን ይሆናል? ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 8,000 ያጣሉ፤ ለቀለምና ለጥቃቅን ጥገና 4,000፣ ለድለላ ሌላ 4,000 ቢወጣ ጉዳቱ 16,000 ይደርሳል፤ ይህንን በ800 ለማካካስ 20 ወር ያስፈልጋል። አዲሱ ተከራይ በወቅቱ ስለመክፈሉ ደግሞ ዋስትና የለዎትም። ይህ ማለት ኪራይ ለዘላለም ባለበት ይቁም ማለት አይደለም፤ ግብርም ጥገናም ይጨምራሉ። በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ ካለ ከእሱ ሳያልፉ፣ በውሉ መታደሻ ጊዜ፣ በቂ ወራት አስቀድመው በጽሑፍ አሳውቀው በትንሽ በትንሹ ቢጨምሩ የተሻለ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ በአንድ ቀን ገበያውን ለመያዝ መሞከር ተከራይዋን ያስደነግጣል፤ በየዓመቱ የሚመጣ መጠነኛ ጭማሪ ግን ለእሷም በዕቅድ ሊያዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ተከራዬ ሥራ አጥቶ ሁለት ወር አልከፈለም፤ 16,000 ዕዳ አለበት። ውኃውን ቆርጬ ቁልፉን እንድቀይር የሚመክሩኝ አሉ። ትክክል ነው?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተከራይን ማስወጣት፣ ውኃና መብራት መቁረጥ ወይም ዕቃውን ማውጣት በአብዛኛው አገር ሕገ ወጥ ነው፤ ያደረገው አከራይ ዕዳ የሚጠይቅ መሆኑ ቀርቶ ካሣ ከፋይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ተገናኝተው ይነጋገሩ፤ የሁለት ወር ዝምታ ብዙውን ጊዜ ከሐፍረት የሚመጣ ነው። ሥራ ለማግኘት ተስፋ ያለው፣ ከዚህ በፊትም በወቅቱ ይከፍል የነበረ ከሆነ ዕዳውን በስምንት ወር ከፋፍሎ ከመደበኛው ኪራይ በላይ በየወሩ 2,000 እንዲጨምር መስማማት ይቻላል። ስምምነቱ ቀናትና መጠን ተጽፎበት ይፈረም፤ ለእያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ ይሰጠው። ተስፋ ከሌለው ደግሞ መያዣውን አቻችሎ በሰላም የሚወጣበት ቀን መወሰን ለሁለታችሁም ከክስ ያነሰ ወጪ አለው።

ሁለቱም ካልሆኑ በሕጉ መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ መድረሱን በፊርማው ወይም በምስክር ያረጋግጡ፤ ጊዜው ሲያልፍ ለፍርድ ቤት ያመልክቱ። ማስጠንቀቂያውን ከሰጡ በኋላ ከፊል ክፍያ ይዞ ቢመጣ ከመቀበልዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ በአንዳንድ አገር ከፊል ክፍያ መቀበል ማስጠንቀቂያውን እንደ መተው ተቆጥሮ ሂደቱ ከመጀመሪያው እንዲጀመር ያደርጋል።